ሁለተኛው ሲሊንደር

ሰኞ ወንድሜ ዕረፍት ነበረው። ያን ቀን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ብርሃኑ ነው። ከሰፈራችን ከጊቫት ሃሞሬ ቁልቁል ሲታይ ሸለቆው ገና ጭጋግ ውስጥ ነበር። እርሻው የለም፣ መንገዱ የለም፣ ነጭ ነገር ብቻ ተዘርግቷል። እኛ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለችው ግቢ ውስጥ ነን። ትራክተሩ የፊት አካፋውን መሬት ላይ አስተኝቶ ቆሟል። ወንድሜ ከሥሩ ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል፤ የሆነ ነገር እያዜመ ነው። ዜማው ምን እንደነበር ብዙ ጊዜ ላስታውስ ሞክሬ አልመጣልኝም።

እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርሁት በዕብራይስጥ ነው። አማርኛ የቤት ቋንቋዬ ነው፤ ስጽፍበት እየቆምሁ፣ እየተመለስሁ ነው። ግን ይህ የቤት ነገር ስለሆነ በሌላ ልጽፈው አልቻልሁም።

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። "አያ" እለው ነበር፤ ከአገር ቤት ወደዚህ የመጡት የእኛ ሰዎች ታላቅ ወንድምን እንዲህ ይጠራሉ። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ከሚገኝ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ከዚያ በፊት ወታደር ቤት መካኒክ ነበር። ትራክተሩን ያገኘው ሸለቆው ውስጥ ካለ አንድ ሞሻቭ፣ ከገበሬዎች መንደር፣ ነው። ባለቤቱ ገበሬ ከአጥር ሥር ጥሎት፣ በመሪው መሀል ሣር በቅሎ ነበር። ወንድሜ በክረምቱ ሞተሩን አስነሣው፣ ጎማዎቹን ቀየረ። የቀረው የአካፋው ክንድ ነበር።

አካፋውን የሚያነሡት በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ናቸው። ሲሊንደር የብረት ቱቦ ነው፤ ውስጡ ዘንግ አለ፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ፒስተን አለ። ዘይት ከኋላ ሲገፋ ዘንጉ ይወጣል፣ አካፋው ይነሣል። ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያግዱት ጎሚኒዎች፣ ማለት ጣት የማይሞላ ውፍረት ያላቸው የጎማ ቀለበቶች ናቸው። የእኛዎቹ አርጅተዋል። አካፋው ወደ ላይ ይወጣና፣ ማንም ሳይነካው፣ በጣም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሻይ ጠጥተን ስንጨርስ መሬት ደርሷል።

"እንቅልፍ እየጣለው ነው" ይላል ወንድሜ። "ይህን ብቻ እናድነው። ከዚያ ፋብሪካውን በቃኝ እላለሁ። የሰው ግቢ እደለድላለሁ፣ አፈር አመላልሳለሁ፤ አንተ ከወታደር ቤት ስትወጣ ሁለት እንሆናለን።"

እኔ ወታደር ቤት ለመግባት ሦስት ወር ይቀረኝ ነበር።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሠራን። የዘይቱን ቱቦዎች ፈታን፣ መያዣ ብረቶቹን በመዶሻ እየመታን አወጣን፤ ሁለቱን ሲሊንደሮች እንደ ሕፃን ታቅፈን አሮጌ ጠረጴዛ ላይ አጋደምናቸው። የሲሊንደሩን ክዳን ለመፍታት የተለየ መፍቻ ያስፈልጋል። የለንም። ወንድሜ ከብረት ቁራጭ ሁለት ጥርስ ያለው መፍቻ ራሱ ሠራ። ክዳኑ ሲላቀቅ ጮኸ፤ ዘንጉ ሲወጣ ደግሞ ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ አሰማ። ጥቁር ዘይት ፈሰሰ። ፀሐይዋ አገኘችው፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ሆነ። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ወንድሜ እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበር። ሥራ ላይ ሆኖ ለፈሰሰ ዘይት ይቆማል።

አዲሱ ጎሚኒ ደረቅ ነው፤ ወደ ቦታው እንዲገባ ሙቅ ውኃ ውስጥ መለስለስ አለበት። ወንድሜ የእናቴን የሻይ ማፍያ ይዞ ወጣ። እናቴ ተከትላው መጣች።

"ምን ልታደርጉበት ነው?"

"ጎማ ልንቀቅልበት ነው እማዬ። ለእራት።"

"ለእናንተማ ይበቃችኋል። ጨው እንዳትረሱ" አለችና የጎሚኒውን ከረጢት አየችው። "ሌላ ድስት የለም በቤቱ? የእኔን ብቻ ነው የምታዩት?" እንዲህ እያለች ግን ውኃውን ራሷ ቀዳችልን።

ወንድሜ የለሰለሰውን ቀለበት በጣቶቹ እንደ ኩላሊት አጠፈው፣ ፒስተኑ ላይ ካለው ሰርጎድ ውስጥ አስገባው፣ ለቀቀው። ቀለበቱ ራሱን ዘርግቶ ቦታውን ያዘ። "ሁልጊዜ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ" አለኝ። "ዘይቱ ሲገፋው ከንፈሩ ይከፈትና ይዘጋዋል። ከገለበጥኸው አሳልፎ ይሰጥሃል። እሺ፣ አሁን የአገጣጠሙን ተራ ንገረኝ።"

"ክዳን ዘንጉ ላይ። ከዚያ ፒስተን። ከዚያ ማጥበቂያው ዳዶ።"

"ክዳኑን ብትረሳስ? ፒስተኑ ከገባ በኋላ አያልፍም።"

"አልረሳም።"

"ኡ! አልረሳም ይላል እኮ! ሰው ሁሉ አንዴ ይረሳል። እኔ ወታደር ቤት በመጀመሪያው ሳምንቴ ፒስተኑን አስገብቼ፣ ዳዶውን እስኪንቀጠቀጥ አጥብቄ ዞር ብል፣ ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። አለቃዬ ምን አለኝ መሰለህ? 'እሱን ምሳ ጋብዘው፤ ብቻውን ነው' አለኝ።"

ማታ ላይ አንደኛውን ጨርሰን ቦታው ገጠምነው። ሁለተኛው ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ በአሮጌ አንሶላ ላይ ተዘርዝሮ ቀረ። ወንድሜ በትራክተሩ ትልቅ የኋላ ጎማ ላይ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ገለባውን ወደ እኔ ይተፋል። ከሸለቆው ማዶ አውሮፕላኖች አለፉ፤ ድምፃቸው ከእነሱ ኋላ ዘግይቶ ደረሰ። "ነገ ከሥራ ስመለስ እንገጥመዋለን" አለ። "ካላስቻለህ ጀምረው። እኔ መጥቼ እስቅብሃለሁ።"

ይኸው ነው። ሌላ ነገር አልተባባልንም። ማክሰኞ ማለዳ የውጭው በር ሲከፈት በእንቅልፌ ሰምቻለሁ ብዬ አስባለሁ። ምናልባት የሌላ ቀን ድምፅ ነው።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አላስቻለኝም፤ ጀመርሁ። ዘንጉ ላይ የዛገች ነጥብ ነበረች፤ ዘይት በነካ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። መሀል ከተማ ነው የሚኖረው። በሥራ ቀን አይደውልልኝም።

"እናትህ የት ናት?"

"ውስጥ ናት።"

"ከቤቱ ራቅ በል።"

ወደ ትራክተሩ ኋላ ሄድሁ።

"ልጄ" አለኝ። ከኋላው ጫማ ሲሄድና ሲመጣ፣ አንዲት ሴት በዕብራይስጥ ስታወራ ይሰማኛል። "ወንድምህን ከሥራ ሲመለስ መኪና ገጨው። ሐኪም ቤት አምጥተውት ነበር። ደረስሁበት። እጁን ይዤው ነበር። አልተረፈም።"

ምን እንዳልሁ አላውቅም። አጎቴ በኋላ እንደነገረኝ "እሺ" ነው ያልሁት። ሦስት ጊዜ እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

"ስማኝ" አለ። "እዚህ ያለችው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አሁኑኑ ሄጄ ለእናቱ ልንገር ትላለች። እኔ ደግሞ አይሆንም አልኋት። በእኛ ወግ ነው የሚነገራት። ነገ ማለዳ ቄሱን ይዤ፣ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ከማንም አፍ እንዳትሰማ። ይህን ነው የምለምንህ። ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

እንዲህ ያልሁበትን ምክንያት መናገር አለብኝ። የእኛ ሰዎች ሞትን በድንገት አይናገሩም። መርዶ በማታ አይነገርም፤ ሌሊቱን ማን ይችለዋል? ማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ሐዘንተኛዋን ያስቀምጧታል፣ ከሩቅ ጀምረው ቀስ እያሉ ይነግሯታል፤ የሚይዟት እጆች በግራና በቀኝ ይዘጋጃሉ። እናቴ ግን ይህን አላገኘችም። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። ሩቅ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። እሷ መሀል ከተማ ቲማቲም ገዝታ አውቶቡስ ስትጠብቅ አንዲት የምታውቃት ሴት መጥታ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለቻት። እናቴ "ለምኑ?" አለቻት። ሴትየዋ ደነገጠች። አውቶቡሱ መጣ። እናቴ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ተሳፈረች፤ እስከ ሰፈራችን ድረስ ቲማቲሙን ይዛ ቆማ መጣች። ይህን ብዙ ጊዜ ነግራናለች። ስለ አባቴ ስታወራ ታለቅሳለች፤ ስለ አውቶቡሱ ስታወራ ግን አታለቅስም። ፊቷ ይዘጋል። "እኔ እንደ ሰው አልተነገረኝም" ትላለች። "ከእንግዲህ መንገድ ላይ የሚነገረኝ ካለ፣ ከሞተው ይልቅ የነገረኝን አልረሳም።"

ስለዚህ እስከ ጠዋት ልጠብቃት ነበር። ሌላ ምንም ላደርግላት አልችልም። ይህን አንድ ነገር ግን እችላለሁ።

መጀመሪያ ስልኳን አሰብሁ። የእኛ ሰዎች ወሬ ዛሬ በስልክ ነው የሚበረው። ገባሁ። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነው።

"እማዬ፣ ስልክሽ ባትሪው አልቋል፤ ልሰካልሽ።"

"አሁን ሰካሁት እኮ።"

"ገመዱ ተበላሽቷል። በእኔ ልሰካው።"

"ውሰደው እስቲ" አለች ቀና ሳትል። "ፊትህን ዘይት ነክቶሃል።"

ስልኩን አጥፍቼ የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከመዶሻዎቹ ሥር ከተትሁት። ወደ ቤታችን መግቢያው አንድ ነው፤ በግቢው በኩል ነው። ግቢው ውስጥ ከሆንሁ ማንም ሳላየው አይገባም። ግቢው ውስጥ ለመሆን ደግሞ ሥራ አለኝ። መዶሻው ካልተሰማ እናቴ ወጥታ "ምነው ዝም አልህ?" ትለኛለች። ስለዚህ ሠራሁ።

ያ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንዳለፈ ሙሉውን አላውቀውም። አንዳንዱ ነገር በጣም ግልጽ ነው፤ አንዳንዱ ከውኃ ሥር እንዳለ ነው። የሲሊንደሩን ቱቦ ወደ ፀሐይ አቅንቼ በውስጡ ተመለከትሁ፣ ጭረት ካለበት ብዬ። በወዲያ ጫፍ ክብ ሰማይ አለ። ውስጡ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ብርሃኑ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይርቃል። ብዙ ቆየሁ። ወንድሜ በዚያ ጫፍ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን የሚያሳየኝ መሰለኝ፤ ሰኞ እንዲህ አድርጎ ነበርና። ሽታው ግቢው ውስጥ ነበር። የሥራ ጓንቱ መቀመጫው ላይ ነበር፣ ጣቶቹ እንደታጠፉ። ሞቷል የሚለው ቃል በዕብራይስጥም በአማርኛም ወደ ጭንቅላቴ ይመጣል፤ በሁለቱም የሌላ ሰው ወሬ ይመስላል። እጆቼ ግን ያውቃሉ። ጎሚኒውን አጠፉ፣ ከንፈሩን ወደ ዘይቱ አደረጉ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ጎረቤታችን መጣች። ከላይኛው ሕንፃ የምትኖር፣ ከእናቴ ጋር ከአንድ አገር የመጣች ትልቅ ሴት ናት። ከሩቅ አየኋት። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለብሳለች፣ ለለቅሶ እንደሚለበሰው። እያነባች ነው የምትመጣው። ሮጬ በሩ ላይ ደረስሁባት።

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ አይግቡ።"

"ወየው ልጄ! ወየው የእኔ ጌታ!" ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች። "የእኔ ልጅ ስልኩ ላይ አይቶ ነገረኝ። እናትህ እንዴት ናት?"

"አልሰማችም። ነገ ጠዋት ነው። አጎቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይመጣል።"

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወደ ቤቱ መስኮት ተመለከተች። "ብቻህን ነህ የያዝኸው?"

"ብቻዬን ነኝ።"

ከዚያ ያደረገችውን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ዞር ብላ ፊቷን ወደ ግንቡ አደረገች፤ ነጠላዋን አወለቀች፤ አራገፈችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደ ደኅና ቀን ለበሰችው። በጫፉ ዓይኗን ጠረገች፣ አፍንጫዋን ጠረገች። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን አጠራች። "ቀላሁ?" አለችኝ።

"ትንሽ።"

"ሽንኩርት ስከትፍ ነበር እላታለሁ። አንተ በሩን ጠብቅ። ውስጡን ለእኔ ተወው።"

ገባች። ወዲያው ድምፅዋን ሰማሁ፣ ከፍ ያለ፣ ደስተኛ። ስለ አንዲት ሙሽራ ታወራ ነበር፤ ሙሽራዋ በአዲሱ ጫማዋ መሄድ አቅቷት አማቷ ተሸክሟት ሠርጉ ላይ እንዳስገባት። እናቴ ሳቀች። እናቴ ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ "ኧረ ተይኝ" ትላለች። "ኧረ ተይኝ" ስትል ሰማሁ። ያን ጊዜ መፍቻውን ይዤ ቆሜ፣ ይህ ሳቅ እንዳያልቅ ፈለግሁ። ነገ ጠዋት የሚባል እንዳይመጣ ፈለግሁ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ቢሆን፣ እኔ ሁልጊዜ በዚህ በር ላይ ብቆም፣ እሺ እል ነበር።

ሌሎችም መጡ። የወንድሜ ሁለት የሥራ ጓደኞች የፋብሪካውን ልብስ እንደለበሱ መኪና አቆሙ፤ ከመኪናው ሳይወርዱ በምልክት መለስኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ ራሱን መሪው ላይ ደፋ። ከዚያ ሄዱ። እኔ ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ ፒስተኑን ዘንጉ ላይ አስገባሁ፣ ዳዶውን አዞርሁ። መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቼ ባለኝ ጉልበት ሁሉ አጠበቅሁት። ማጥበቅ ጥሩ ነበር። ጥርሴን ነክሼ አጠበቅሁት፤ ሊሄድ ከሚችለው በላይ ሄደ። ቀና ስል ክዳኑን አየሁት። አንሶላው ላይ ቁጭ ብሏል።

ረስቼዋለሁ። ሰው ሁሉ አንዴ የሚረሳውን ረሳሁት። ወንድሜ መጥቼ እስቅብሃለሁ ብሎኝ ነበር፤ የሚስቅብኝ የለም።

መሬት ላይ ተቀመጥሁና አለቀስሁ። ድምፅ እንዳላሰማ ጨርቁን አፌ ላይ ያዝሁ፤ ግን ወጣ። እናቴ ከበሩ ብቅ አለች። ጎረቤታችን ከኋላዋ ቆማ ዓይኖቿን አፍጥጣ ታየኛለች።

"ምነው? እጅህን ተመታህ?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ክዳኑን በጣቴ አሳየኋት። "ረሳሁት" አልሁ። "ተራውን ረሳሁት። አጥብቄዋለሁ፤ አይፈታልኝም።"

እናቴ ክዳኑን አየች፣ ዘንጉን አየች። ምንም አልገባትም። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ እጇን ራሴ ላይ አደረገች። የምስር አቧራ ይሸታል።

"ለብረት ይለቀሳል እንዴ?" አለች። "ይህን የሚያህል ጎረምሳ! ወታደር ልትሆን አይደለም እንዴ? ተወው። ወንድምህ ሲመጣ ይፈታልሃል።"

እጇ ራሴ ላይ ነው። የምታጽናናኝ እሷ ናት፤ የምታጽናናኝ ስለ ብረቱ ነው። ወደ ጎረቤታችን አየሁ፤ ሴትየዋ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ነበር።

"ዛሬ ዘገየሳ" አለች እናቴ ወደ መንገዱ እያየች።

"ትርፍ ሰዓት አለው" አልሁ። "ደውሎልኝ ነበር።"

"በረሀብ ይገድሉታል እነዚህ ሰዎች" አለችና ተነሣች።

እራቱን በሳህን ክዳን ከድና አስቀመጠችለት። ጎረቤታችን እናቴ እስክትተኛ ድረስ አልተለየቻትም። ሌሊቱን አልጽፈውም። አለፈ። ገና ሳይነጋጋ ወጥቼ ዳዶውን መፍታት ጀመርሁ። ዘይት አጠጣሁት፣ ጠበቅሁ፣ ሞከርሁ፣ ደግሜ ሞከርሁ። በመጨረሻ ተፈታ። ክዳኑን አስገባሁ፤ ፒስተኑን፤ ዳዶውን። በዚህ ጊዜ ሰማዩ ግራጫ ሆኗል፤ ሸለቆው እንደገና ጭጋግ ለብሷል። አጎቴ "ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ እንደርሳለን" ብሎ በዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠር ጽፎልኝ ነበር።

ከጠዋቱ ስድስት ተኩል ላይ እናቴ ለመውጣት ለብሳ መጣች። ነጭ ሻሿን አሥራለች፣ ቦርሳዋን ይዛለች።

"ወዴት ነሽ?"

"ቁፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያ። ለምርመራ ደም ልሰጥ ነው፣ ቀጠሮ አለኝ። ሳልበላ ነው የተባልሁት፤ ቶሎ ሄጄ ልምጣ። ወንድምህስ?"

"መጥቶ ሄደ" አልሁ። ከሁሉም ውሸቶቼ ይህ ይከብደኛል።

"ሳያየኝ!" አለች። ወደ በሩ ሄደች።

ከበሩ ውጭ መንገድ ነው። ከመንገዱ ጫፍ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። በዚህ ሰዓት እዚያ የሚቆሙትን አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹ የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ሰምተዋል። ተጨማሪ ውሸት ፈለግሁ፤ አጣሁ።

"እማዬ፣ ይህን ያዢልኝ።"

"አውቶቡሱ ያመልጠኛል።"

"ብቻዬን አልችልም። አምስት ደቂቃ። እባክሽ።"

ቆመች። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ምናልባት ትናንት ያለቀሰውን ልጅ ነው ያየችው። ቦርሳዋን ትራክተሩ መርገጫ ላይ አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ዘንጉ ቱቦው ውስጥ እንዲገባ አንዱ ሰው ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት፤ ሌላው ጎሚኒዎቹን በጣቱ እየጨመቀ ወደ ውስጥ ይመራቸዋል። ዘይት ቀባሁት። እናቴ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ከባድ ነው" አለች። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሠሩት?"

"ቀጥ አድርጊው። ትንሽ ወደ እኔ። እንደዚያ።"

ፒስተኑ ገባ። ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይጮህ፣ ወደ ጨለማው ገባ። እናቴ ተገርማ ሳቅ ልትል ነበር። መኪኖቹ የቆሙት ያን ጊዜ ነው።

ሁለት መኪኖች። አጎቴ ወረደ። ቄሱ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። ጎረቤታችንም ከላይ በኩል መጣች፣ ጥለቱን እንደገና ወደ ላይ አድርጋ። ተራ በተራ ወደ ግቢው ገቡ።

እናቴ ዘንጉን አልለቀቀችም። አንድ በአንድ አየቻቸው። የመጨረሻውን ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

"ማን ነው?" አለችኝ።

"እህቴ" አለ አጎቴ፣ "ነይ እስቲ እንግባ። ቁጭ በይ፣ ቀስ ብለን..."

"ልጄን ነው የጠየቅሁት።"

ቄሱን አየኋቸው። በዓይናቸው ወደ መሬት ተመለከቱ፤ ፈቀዱልኝ ማለት እንደሆነ ገባኝ። ከጠረጴዛው ሥር የነበረውን የፕላስቲክ ወንበር አምጥቼ ከኋላዋ አደረግሁ።

"ተቀመጪ እማዬ።"

ዘንጉን ለቅቃ ተቀመጠች። እኔም ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥሁ፣ ከእሷ ዝቅ ብዬ። አጎቴ በቀኟ፣ ጎረቤታችን በግራዋ ቆሙ። ከሩቅ መጀመር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹ የሚጀምሩበት ረጅም ቃል አለ። እኔ ያን ቃል አልተማርሁትም። ያለኝ አጭሩ ብቻ ነው።

"አያ ነው" አልኋት። "ትናንት ከሥራ ሲመለስ መኪና ገጨው። ሞተ። አጎቴ ደርሶበት ነበር። እጁን ይዞት ነበር። ብቻውን አልነበረም።"

እናቴ ሁለት እጇን ወደ ፊቷ አነሣች። ዘይት በዘይት ነበሩ፣ እስከ አንጓዋ። መሀል ላይ አየቻቸውና ገታቻቸው፤ የት እንደምታደርጋቸው አላወቀችም። አየር ላይ ያዝኋቸው። ሸሚዜን አወለቅሁና ጠረግሁላት፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ መዳፉን፣ በጣቶቹ መሀል፣ ከዚያ ግራውን። ማንም አላስቸኮለኝም። እስኪጠሩ ድረስ ጠረግኋቸው።

ከዚያ ለቀቅኋቸው፤ አለቀሰች።